በየሁለት ሰዓቱ ሃያ ሚሊ ሊትር

ሰኞ

1,380 ግራም። ትናንትም ይኸው ነበረች። ሲስተር ብርቱካን ቁጥሩን ጠርታ ልጅቷን መለሰችልኝ፤ እኔም "እሺ" አልኩ።

ከማሞቂያው ክፍል ወደ እናቶች ክፍል ካዛወሩን ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ልጄን ያለ ልብስ ደረቴ ላይ አስተኝቶ በነጠላ ማሰር። ወተት በእጅ ማለብ። በሲሪንጅ መለካት። በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ ቀስ አድርጎ መስጠት። በየሁለት ሰዓቱ ሃያ ሚሊ ሊትር። ያለ ጊዜዋ ስለተወለደች መጥባት ገና አልቻለችም።

ሲሪንጁን ሳነብ ከዓይኔ እኩል አነሳዋለሁ። በማስተምርበት ሳጉሬ ተማሪዎቼን በዚህ ስንት ጊዜ ጨቅጭቄያቸዋለሁ፤ ከላይ ሆናችሁ አታንብቡ፣ ጎንበስ በሉና ከመስመሩ እኩል ሁኑ እያልኩ። እዚህ ማንም ሳያዘኝ እጄ በራሱ ያደርገዋል።

ባለቤቴ ዳዊት አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ መጣ። "እናቴን ትመስላለች" አለ። አየኋት። ማንንም አልመሰለችኝም። ይህንን አልነገርኩትም።

ማክሰኞ

1,390። ዳዊት በስልክ ሲሰማ ድምፁ ተቀየረ። ሚዛኑ የሚያሳየው በአሥር በአሥር ግራም እየዘለለ ነው። አንድ ተማሪ በዚህች ልዩነት "ጨምሯል" ብሎ ቢጽፍልኝ፣ ይህ ገና ጭማሪ አይባልም ብዬ እመልስበታለሁ። ለዳዊት አላልኩትም። ደስ ይበለው።

ቶለሳ ደወለ። የባዮሎጂ መምህር ነው፤ እስክመለስ ዘጠነኛ ክፍሎቼን እሱ ይዞልኛል። የመለካት ምዕራፍ ላይ ደርሰዋል። አንድ ሚሊ ሊትርና አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንዴት እኩል እንደሚሆኑ ልጆቹ አልገባቸውም አለኝ። ከፕላስቲክ ቁራጭ ጎኑ ሁሉ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ሥሩ፣ በሲሪንጅ አንድ ሚሊ ውኃ ጨምሩበት፣ ጢም ሲል ራሳቸው ያዩታል አልኩት። ድምፄ ደህና ነበር። ስለ ኬሚስትሪ ሳወራ ደህና ነኝ።

ከሰዓት ልጅቷን ፈትቼ አልጋው ላይ አስተኛኋት። ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ደረቴ ላይ ስትሆን የሰው ዕቃ በአደራ የያዝኩ ይመስለኛል። ትንሽ ላርፍ ብዬ ነበር፤ እስኪመሽ እዚያው ተውኳት።

ረቡዕ

1,340።

"ሲስተር፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ ነበር?" አልኳት።

አልተቆጣችም። ልጅቷን አንስታ፣ ጨርቁን ብቻ አስቀምጣ፣ ወደ ዜሮ መልሳ አሳየችኝ። እንደገና መዘነቻት፤ 1,340። ሳልጠይቃት ለሦስተኛ ጊዜ መዘነቻት። ያው ነው። ስህተቱ የሚዛኑ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ።

ቀጥላ ቴርሞሜትሩን ብብቷ ውስጥ አደረገች። 35.7። ትናንት ደረቴ ላይ ምን ያህል እንደቆየች ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ልጅቷን በጨርቁ እየጠቀለለች፣

"የምትሰጫትን ወተት የምትጨርሰው ለማደግ አይደለም፤ ለመሞቅ ነው" አለችኝ። "እስከ ማታ ካልሞቀች ወደ ማሞቂያው ክፍል መመለስ አለባት። እዚያ ደግሞ አሁን ባዶ ቦታ የለም።"

ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል ብዬ የማስተምር ሰው ነኝ። ኅዳር ነው፣ አሰላ ነው፤ መስኮቱ በደንብ አይዘጋም። ታዲያ ምን ነክቶኝ ነው?

ልቅሶው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም።

ከጎኔ ያለው አልጋ የዘይነባ ነው። ከጢቾ ናት፤ ይህኛው አምስተኛ ልጇ ነው። ሁሉንም ሰምታለች። ተነስታ መጣችና "ነይ ቲቸር" ብላ ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተካከለች፤ በነጠላዬ ላይ የራሷን ወፍራም ፎጣ ደርባ አጥብቃ አሰረችን። "ሂን ሶዳቲን" አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። አልፈራሁም አልኳት። ምንም አይሰማኝም፣ ችግሬ እሱ ነው አልኳት። ይህንን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

"የመጀመሪያዬን ስወልድ እኔም እንደዚህ ነበርኩ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ብለሽ እሰሪያት።"

ማታ 36.5። ወደ ማሞቂያው አልመለሷትም።

ሐሙስ

1,340። ቢያንስ አልቀነሰችም።

መጸዳጃ ቤት ስሄድ ዘይነባ ትይዝልኛለች፤ የእሷ ልጅ በአንድ ጎን፣ የእኔ በሌላ ጎን። አንገቴ ደንዝዟል። ዳዊት እንዲያመጣ ያልኩት፦ የሱፍ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ትንሹን ዳይፐር (እሱም ይሰፋታል)፣ ቫዝሊን፣ ለእኔ ሻርፕ።

አመጣ፤ ኮፍያውን ግን ረስቶታል። የማክሰኞውን ነገርኩት። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ወደ ሲስተር ብርቱካን ዞሮ አባትም ማቀፍ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቃት። ይችላል ብላ መጋረጃ ሳበችልን። ሸሚዙን ፈታና "ስጪኝ፣ አንቺ ተኚ" አለኝ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ፣ ልጅቷ እንዳትነቃበት ትንፋሹን እየቆጠበ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እግሩ እንደደነዘዘ ግልጽ ነው። አልተንቀሳቀሰም።

ዓርብ

1,350። አንድ እርምጃ ብቻ። ጭማሪ አልለውም። ወተቱ ሃያ ሁለት ሚሊ ሊትር ሆኗል። ዳዊት የረሳውን ኮፍያ አመጣ።

ዘይነባ ወደ ቤቷ ተሸኘች። ፎጣውን ልመልስላት ስል እምቢ አለች። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ልጅቷን ደግሞ ጭንቅላቷን። ባሏ ሕፃኑን ከእሷ ሲቀበል የት እንደሚይዘው ጠፍቶት ነበር። አምስተኛውም ሆኖ።

ከሰዓት በዘይነባ አልጋ ላይ ሌላ ሴት መጣች። በጣም ልጅ ናት። ግድግዳውን ነው የምታየው። ስሟን ብጠይቃት አልመለሰችልኝም። ልጇን በነጠላ እንዴት እንደምታስር አሳየኋትና ወደ አልጋዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

1,380። በአንድ ቀን ሠላሳ ግራም። ሚዛኑ ስለዘለለ ነው የምለው አይደለም። ለዳዊት ደውዬ ጨምራለች አልኩት። ደስ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። የሰኞ ክብደቷ ላይ ነው የተመለሰችው፤ ሳምንቱ ያለቀው የወረድነውን ስንወጣ ነው።

ያቺ ከጎኔ ያለችው ወጣት ስሟን ነገረችኝ። ሀዊ ትባላለች።

እሑድ

ጠዋት ከመመዘኗ በፊት ወተት ላልብ ስል ልጅቷ ጭንቅላቷን አዞረች። አፏን ከፍታ ትፈልጋለች። ሲስተር ብርቱካንን ጠራኋት፤ ሞክሪያት አለችኝ። ጡቱ ብዙ ጊዜ አመለጣት። ከዚያ ያዘች። ሁለት ሦስቴ ሳብ፣ እረፍት፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ሳብ። ወተት በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ።

አመመኝ። በጣም አመመኝ፤ እንዳትለቀው ግን ፈራሁ። እንባዬ የሱፍ ኮፍያዋ ላይ ሲንጠባጠብ ነው እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት።

ስንት የወሰደች ይመስልሻል ብላ ሲስተር ጠየቀችኝ። ሲሪንጁ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ተቀምጧል። አላውቅም አልኳት። እንግዲያው ግማሹን በቱቦ እንሙላላት አለች።

ከዚያ መዘነቻት። ቁጥሩን ጮክ ብላ ነግራኛለች፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ልጽፈው ስል ጠፋኝ። ነገ እጠይቃታለሁ። ልጄ አሁን ተኝታለች፤ በእንቅልፏ አፏ ይንቀሳቀሳል።