«ላይ» ወዴት ነው?

የካ ሚካኤል፣ ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
በሰማንያ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዕድሜዬ የጻፍሁት

ለአብሮ አደጌ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ፣ ዓይንህስ? እኔ ግራ ጆሮዬ ከመድከሙ በቀር ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሰሞኑን በርትቷል፤ አንተ ግን ከቤት ስለማትወጣ አላወቅኸው ይሆናል።

ልጅህ ትሕትና ትናንት መጥታ ነበር። ከማኅበሩ ቀን ወዲህ እህል በአፍህ እንዳልዞረ፣ በየምሽቱ እንጦጦ መውጣትህንም እንደተውህ ነገረችኝ። ጋሼ፣ ይቅርታ ይጠይቁት አላልሁም፤ ተሳስቻለሁ፣ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉለት፤ ከእርስዎ እጅ ከሆነ ያምናል አለችኝ። እያለቀሰች ሳለ ሳቅሁ።

በዚህ ዘመን ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚል ሰው እንዴት ይገኛል እያሉ የሚደነቁ አሉ። ካለማወቅ ነው ይላሉ። አንተን አያውቁህማ! አንተ ዕድሜህን ሙሉ መንገድ የቀየስህ ሰው ነህ። ሚስትህ ሸዋረጋ ባረፈች በወሩ፣ ከስልክ ላይ ያገኘኸውን ቪዲዮ ይዘህ ስትመጣ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሰው ማስረጃ አይቶ ወደዚያ እምነት አይሄድም። አስቀድሞ አንድ ያጣው ነገር አለ፤ ምድርን የሚጠፈጥፋት እርሱን የሚያስቀምጥበት ቢያጣ ነው።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበራችን የሆነውን አንተም አትረሳውም። አንተ፣ ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ስቀይስ የምድርን ጉብታ አንድም ቀን አላገኘሁትም ስትል፣ ተክለብርሃን ተነሥቶ፣ ታዲያ ዳርቻዋ እዚሁ ካራ ነው ወይስ ከላምበረት አውቶቡስ ተሳፍረን እንሂድ አለህ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ አንተም አብረህ ሳቅህ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጠላህን ጠጥተህ በሰላም ትገባ ነበር። ወርቅአየሁ ግን የዋህ ናትና፣ ግን እኮ ጋሼ፣ ድቡልቡል ብትሆን እርስዎን ምን ይጎዳዎታል ብላ ጠየቀችህ። አንተም፣ ሸዋረጋ እዚያ ላይ ናት፤ ምድር የምትሽከረከር ከሆነ ማታ ማታ ወዴት ቀና ልበል አልህ።

ማንም አልሳቀም። መልስ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ብርቱካን አነሣሁ፤ የክብሪት እንጨት ሰካሁበትና ይህ አንተ ነህ አልሁህ። ከዚያም አዞርሁት። ይኸው፣ ጠዋት «ላይ» ያልኸው ማታ ከጫማህ ሥር ነው፤ «ላይ» የሚባል ስፍራ የለም አልሁህ። ንግግሬን ስጨርስ ብርቱካኑን ልጬ በላሁት።

ባርኔጣህን ረስተህ ነው የሄድኸው። እኔ ዘንድ አለ።

ትሕትና የለመነችኝን ሁለት መስመር መጻፍ ለእኔ ቀላል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ የሚበልጥ ውሸት በውብ ቃል ጽፌያለሁ። ይህን ግን አልጽፍልህም። ምድር ጠፍጣፋ ከሆነች ሰማይ ጣሪያዋ ነው፤ ከጣሪያው በላይ እርሷ አለች፤ ከአጠገቧም አንድ ስፍራ በስምህ ተይዟል። ድቡልቡል ከሆነች ግን ስፍራው ለማንም አልተያዘም። እኔን የሚስማማኝ ይህኛው ነው።

የሠርግህ ዕለት ከአባቷ ደጅ እስከ መኪናው ድረስ በጀርባዬ ያዘልኋት እኔ ነኝ። ሚዜ ለሙሽራይቱ ወንድሟ ነው ብለው ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ እኔም ከሰው ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልሁ። አንተ ወደፊት እያየህ ትሄድ ነበር። መንገዱ አጭር ነበር። እግሮቿ መሬት አልነኩም።

እንግዲህ ብላ፣ ጠጣ፤ ሰውነትህን ጠብቅ። እግዚአብሔር ጤናህን ይመልስልህ፤ ዕድሜህንም በዚህች በድቡልቡሏ ምድር ላይ እጅግ ያርዝምልህ። እኔ መቅደሜ አይቀርም፤ አንተ ግን አትቸኩል። ዘግይተህ፣ በጣም ዘግይተህ ትከተለኝ ዘንድ ጸሎቴ ነው።

ሚዜህ

እኔ ዘንድ በቀረው ግልባጭ ላይ የጨመርሁት፦ ትሕትና ዛሬም መጥታ በረንዳ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። የእርቅ ቃል የምትወስድ መስሏት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። አሽጌ በእጇ ልኬዋለሁ።