ለኮርማ ዋስ የሆኑት ሐኪም

ባልደረቦቻቸው «ዶክተር ቆዩ» እያሉ የሚጠሯቸው አባታችን ከወተት አመላላሽ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወተት ማከፋፈያው ጀርባ ባለች ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ በእንስሳት ሕክምና በማዕረግ ተመረቁ።

በሃያ አምስት ዓመታቸው በኮርማ ማርቢያ ጣቢያ ተቀጥረው፣ በሽታ የወንድ እንስሳትን የመራባት አቅም እንዴት እንደሚጎዳ ሲመረምሩ ኖረዋል። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲዋጋ የወንድነት ሆርሞን እንደሚቀንስ፣ የዘሩም ጥራት እንደሚወርድ፣ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ጉዳቱ ለሳምንታት እንደሚቆይ ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ፣ «ቤቱ እየተቃጠለ ድግስ የሚደግስ የለም» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ የጣቢያው ምርጥ ኮርማ ከሳንባ በሽታ ካገገመ በኋላ ዘሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በድን ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው ይታረድ አሉ። አባታችን አዲስ ዘር እስኪሠራ ሁለት ወር ያህል እንደሚፈጅ አስረድተው፣ ካልዳነ ሥራቸውን ሊለቁ ዋስ ሆኑለት። ከብት ጠባቂዎቹ፣ «ለሰው ዋስ የሆነም አልተረፈም፤ ዶክተር ደግሞ ለኮርማ!» እያሉ ሳቁባቸው። እሳቸው «ቆዩ» ብቻ አሉ። ጊዜው ሲደርስ የዘሩ ጠብታ ከማይክሮስኮፑ ሥር እንደ ንብ መንጋ ሲተራመስ ኃላፊው ራሳቸው ጎንበስ ብለው አዩ።

ከጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ከእናታችን ጋር በተጋቡ በጥቂት ወራት ከባድ ትኩሳት ጣላቸው። ከተነሡ በኋላ የተደረገላቸው የዘር ምርመራ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ዘመድ እናታችንን «ገና ልጅ ነሽ፣ አስቢበት» አላት። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው፣ ብትሄድ እንደማይቀየሟት ነገሯት። እናታችን ግን «ለኮርማ ዋስ የሆንክ ሰው ለራስህ ትቸኩላለህ?» አለቻቸው። በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጃቸው ተወለደች፤ ከብት ጠባቂዎቹም «የኮርማው ታናሽ» ብለው ስም አወጡላት። ወንድ ልጃቸው ተከተለ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የኩላሊት ሕመም አደከማቸው። ባለፈው እሑድ ማለዳ ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ወንድ ልጃቸው ገና መንገድ ላይ ነበር። እናታችን ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብላ «ቆይ» አለቻቸው። ቆዩ። ልጃቸው ደርሶ እጃቸውን ከያዘ በኋላ፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ተቀምጠዋል። አምላክ ለነፍሳቸው ሰፊ ማረፊያ ይስጥልን፤ የምንገናኝበት ቀን እስኪደርስ እኛም እንቆያለን።