ለስንዱ ያልተነገረ መርዶ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18 ቀን 2003 ዓ.ም.
ኩልመስክ

እህቴን ከቀበርን ሳምንት ሆነ። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ልጇ ስንዱ እስካሁን አልሰማችም። ወደዚያ የላካትን የኤጀንሲ ሰውዬ ዛሬ በስልክ አገኘሁትና ለአርባው እንድትደርስ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ የመውጫ ቪዛ የምታወጣላት ማዳሟ ናት። ፓስፖርቷም እሷው ዘንድ ነው» አለኝ።

«እንቢ ካለችስ?»

«የውሏን ሁለት ዓመት ትጨርሳለቻ። ምክሬን ከሰሙኝ አይንገሯት። ከሰማች ከቤቱ ትጠፋለች፤ ከጠፋች ሕገ ወጥ ናት፣ የሠራችበትም ይቀራል።»

የአውቶብስ መነሻ ሰዓት የሚናገር ነበር የሚመስለው። ለጋዜጣ ሥራ ወህኒ ቤት በተመላለስኩበት ዘመን እስረኛ እንኳ በአጃቢ ወጥቶ እናቱን ሲቀብር አይቻለሁ። ይህች ልጅ ምን አጠፋች? ውል ፈርማ ሥራ ሄደች እንጂ።

«ነገ ስትደውል እኔው እነግራታለሁ። ለእነሱ ውል ብለን እኛ አንዋሽም» አልኩ ስልኩን ዘግቼ ለቤተሰቡ።

አባቷ አያ ሞገስ፣ «መንገሩንስ ንገራት ወንድሜ» አሉ። «እዚህ ብትሆን ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ነበር የምትረዳው። እዚያ ስትወድቅ ማን ይይዛታል?»



ስንዱ የምትደውለው ማዳሟ ስልክ በፈቀደችላት ሰዓት፣ ወጥ ቤት ቆማ ነው። መጀመሪያ የምትለውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እማን አቅርቡልኝ።»