ከፏፏቴው በላይ

የምወድሽ እማዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ያለሽበት የቱሰን በረሃ ፀሐይ ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁና ላንቺም እንዲበጅሽ እመኛለሁ። እኔም ልጆቹም ደህና ነን። እዚህ ሜይን ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ጠዋት ጠዋት የመኪናውን መስታወት መፋቅ ጀምረናል።

በስልክ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ስትዪኝ «ጥሩ ነበር፣ ዝንቡ ብቻ በላን» ብዬሽ ነበር። ዝንቡስ እውነት ነው። የቀረውን ለመናገር ግን ድምፄን አላመንኩትም። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትደውዪልኝ አደራ።

አባዬ ሰባ ሦስት ዓመት በሞላው ማግስት ነው «ካናዳ፣ ላብራዶር እንሂድ» ያለኝ። በወጣትነቱ ያን ወንዝ ብቻውን በታንኳ እንደወረደ ስንት ጊዜ ሲያወራ ሰምተነዋል! «ዊኒ፣ አንድ ጊዜ ካንቺ ጋር ሳልወርደው ብሞት ይቆጨኛል» አለኝ። ከመሥሪያ ቤት የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። እናንተ ከተለያያችሁ ወዲህ እንደዚያ ተደስቶ አይቼው አላውቅም።

ድንበር ላይ የካናዳው ሰውዬ የት እንደምንሄድ ሲጠይቀን አባዬ «ከባለቤቴ ጋር ዓሣ ላጠምድ ነው» አለው። ሰውዬው ፓስፖርቴንና ፊቴን እያፈራረቀ ሲያይ ሳቅኩ። አባዬም ሳቀ። ሲቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ቀን ነዳን። ጠጠሩ መንገድ ላይ ሁለት ጎማ ፈነዳብን፤ ለሁለተኛው ስድስት ሰዓት ዝናብ ላይ ቆመን እርዳታ ጠበቅን። በመጨረሻ ጋርላንድ የሚባል ፓይለት ውኃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላኑ፣ ታንኳችንን በጎኗ አስሮ፣ ወንዙ ከሚነሳበት አደረሰን። ጋርላንድ አፉ የማያርፍ፣ በራሱ ቀልድ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነው። «በዘጠነኛው ቀን ታችኛው ሐይቅ ላይ እወስዳችኋለሁ» ካለ በኋላ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ።

«ካርታውን የሚያነበው ማነው?» አለኝ።

«አባቴ።»

«አንቺም አንብቢው እንግዲህ። መንታው ደሴት ጋ ስትደርሱ ግራውን ዳር እንዳትለቁ። እዚያ ወርዳችሁ ታንኳውን ተሸክማችሁ ፏፏቴውን በእግር ታልፋላችሁ። በቀኝ የሄደውን ሰው ሬሳውን ነው የምንለቅመው።»

እስኪስቅ ጠበቅኩት። አልሳቀም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብሞት አልረሳቸውም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አርባ የሚሆኑ ካሪቡ የሚባሉ የሰሜን አጋዘኖች ከፊታችን ወንዙን ዋኝተው ተሻገሩ። ከውኃው በላይ ቀንዳቸው ብቻ ስለሚታይ ደረቅ ጫካ ተነቅሎ የሚዋኝ ይመስል ነበር። አባዬ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንባው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። ማታ ዓሣ ጠበሰልኝ። እሱ ከሚተኛበት ሲያንጎራጉር እየሰማሁ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ሰፊ ሐይቅ ላይ ወጣንና አባዬ ወደ ሰሜን አዞረን። መውጫው በደቡብ በኩል እንደሆነ ካርታው ላይ ሳሳየው «ካርታ የሚሠሩ ሰዎች እዚህ መጥተው አያውቁም» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ቀዝፈን ረግረግ ላይ ደረስን። ዝንቡ ጆሮዬ ውስጥ፣ ቅንድቤ ሥር፣ ጥርሴ መካከል ገባ። በማግስቱ ደግሞ ወደዚያው ረግረግ ሊወስደኝ ሲነሳ ተቆጣሁ። «ትናንት እዚያ ነበርን እኮ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የማያውቀው ቤት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ እንደጠፋበት ሰው ነበር የሚያየኝ።

ችግር ቢገጥመን የምንደውልበትን የሳተላይት ስልክ ከቤት ጀምሮ የያዘው እሱ ነበር። ዓሣ ሊያጠምድ ዞር ሲል ቦርሳውን ከፈትኩ። በሱፍ ካልሲ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ትርፍ ባትሪ ከጎኑ ተቀምጦለት፣ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ሪሞት ነበር።

አገላበጥኩት። ከዚያ እንደነበረ ጠቀለልኩትና መለስኩት። ካርታውን ግን ወስጄ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩ። ምን ላድርግ ብለሽ ነው? መንገድ የለም፣ ሰው የለም፣ ወደ ላይ ተመልሶ መቅዘፍም አይቻልም። ያለው መውረድ ብቻ ነው። በስድስተኛው ቀን ደግሞ አእምሮው ጥርት ብሎ ዋለ፤ በየድንጋዩ መካከል እያሽሎከለከ እንደ ጎረምሳ አወረደን። ያ ቀን ነው ያዘናጋኝ።

በሰባተኛው ቀን ከቀትር በኋላ መንታው ደሴት ታየ። ነፋሱ ቆሟል፤ ዝንቡ እንኳ የለም። ወንዙ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ለስልሶ፣ ሳንቀዝፍ ይወስደን ጀመር። ፏፏቴውን መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም። የታንኳው ወለል ጉልበቴ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው።

«አባዬ፣ ወደ ግራ!» አልኩት። ታንኳው ወደ ቀኝ ዞረ።

«ከዚህ በታች ፏፏቴ የለም» አለ ተረጋግቶ።

«አለ! ድምፁ አይሰማህም?»

«ነፋስ ነው። አትፍሪ፣ ቀዮ።»

ቀዮ። በፀጉርሽ አንቺን የሚጠራበት ስም ነው፤ የኔ ፀጉር ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰል ነው። እዚያ ታንኳ ውስጥ ቀይ ፀጉር የነበራት ሴት አልነበረችም፤ ለእሱ ግን ከፊቱ የተቀመጥሽው አንቺ ነበርሽ።

ታንኳ የሚመራው ከኋላ የተቀመጠው ነው። እኔ ከፊት ሆኜ የፈለግኩትን ያህል ብታገል በአንድ ምት ይመልሰዋል። ፊት ለፊታችን ወንዙ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጭስ የመሰለ ጉም ብቻ ነው የሚታየው። ጮኽኩ። ለመንኩት። ልጆቼን እየጠራሁ ለመንኩት። ከዚያ ድንገት መጮኼን ተውኩና፣ ዞር ሳልል፣ አንቺ ሲመርሽ በምትናገሪበት ድምፅ፣ «ደክሞኛል። ርቦኛልም። አሁን ካላወረድከኝ ማታ አላናግርህም» አልኩት።

«እሺ፣ እሺ የኔ ቆንጆ» አለና ታንኳውን ወደ ግራ መታው።

ግራው ዳር ስንደርስ የያዝኩት የአኻያ ቅርንጫፍ የመጨረሻው ነበር፤ ከእሱ በታች ምንም ያልበቀለበት ድንጋይ ነው። ስንጋጭ አንዱ የምግብ ከረጢት ውኃው ላይ ወደቀ። እያየሁት ቀስ ብሎ ሄደ፣ ጠርዙ ጋ ደረሰ፣ ጠፋ።

እሳት አነደድኩ። ጥርሴ ይንገጫገጭ ስለነበር ጃኬቱን አውልቆ ደረበልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ «ያ ሰውዬ አሁንም ይጽፍልሻል?» አለኝ።

የትኛው ሰውዬ እንደሆነ አላወቅኩም። «አይ፣ ትቷል» አልኩት።

«ጥሩ። ለዊኒ እንዳትነግሪያት። በራችሁን መጀመሪያ ያንኳኳሁ ቀን የአራት ወር ልጅ ነበረች፣ ትዝ ይልሻል? አንቺ ኮቴን ስትሰቅዪ እሷ ጣቴን ጨብጣ አልለቅም አለች። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሌላ የሚባል ነገር የለም።»

ሻይህን ጠጣ አልኩት። ጠጣ።

እማዬ፣ እኔ ስወለድ አባዬ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ራሱን ስቶ እንደወደቀ፣ ነርሶቹ እኔን ትተው ለእሱ እንደተራወጡ እያወራሽ በሳቅ ታፈርሺን ነበር። እኔም ለልጆቼ እንደዚያው አውርቻለሁ። በዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የቀረው አጭር ነው። ፏፏቴውን በእግር ለማለፍ ታንኳውን በየጥቂቱ እየጎተትን ሁለት ቀን ፈጀብን። ታችኛው ሐይቅ ላይ ደርሰን በጉም ምክንያት ጋርላንድ አንድ ቀን ዘገየ፤ ያን ቀን ብሉቤሪ ለቅመን ዋልን። ሲመጣ አባዬን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እስክናርፍ አንዲት ቀልድ አላወጣም።

ሐኪሙ የሕመሙን ስም ነገረን፣ መድኃኒትም ሰጠን፤ እንደማያድነው ግን አልደበቀኝም። አሁን የሚኖረው እኔ ጋ ነው። በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጥሜያለሁ። ትናንት ጠዋት ከልጆቹ አንዱ ረስቶት ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። አባዬ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ዳር በካልሲ ቆሟል፤ የውኃው ጠርዝ በበረዶ መርጋት ጀምሯል። «ሳይዘጋብን እንውረድ» አለኝ። ታንኳው ተሸጧል አልኩት። ዓይኑን ከውኃው አላነሳም። እጁን ይዤ ስስበው እንደዚያን ቀን አልታዘዘኝም። «አንቺ ማነሽ?» አለኝ። ጎረቤቴ ሮጦ ባይደርስልኝ አልችለውም ነበር።

ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ። በረዶው ሳይጠና ብትመጪ ምናልባት አንቺን ይሰማሻል። ትንሹን ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። ስትመጪ ስለምንም ነገር ትጠይቀኛለች ብለሽ አትጨነቂ። አልጠይቅሽም። የምፈልገው ሰውም የለኝም፤ አባቴ ከጎኔ ክፍል ተኝቷል፣ ሲያንኮራፋ ይሰማኛል።

መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ። ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እሱንም እስክትደርሺ ያቆይልሽ።

የሁለታችሁ ልጅ