«ልጄ» ያላለችው ሴት

መጋቢት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሦስት ዶማ ቀጠቀጥኩ። በዚህ ዕድሜ! በሴጉ ከተማ ዙሪያ እንደኔ ብረት የሚያውቅ ካለ ይምጣ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፈው የሟች ልጄ ሚስት ቴኔ ናት። «አባባ፣ ጉራውንም ልጻፈው?» ትለኛለች። ያልኩሽን ጻፊ!

ፉላኒዎቹ ከብታቸውን ነድተው መጥተው መንደሩ ዳር ሰፈሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ፓቴ፣ ገና ከሩቁ «አንተ አሽከሬ፣ ቢላዬን ሳልልኝ!» አለኝ። «ካንተ ላምህ ትሻላለች፣ እሷስ ወተት አላት» አልኩት። ቀጥቃጭና ፉላኒ ከአያቶቻችን ጀምሮ ሰላምታችን ስድብ ነው። ደስ ይላል።

ሚስቱ ዲኮ ግን... ሕፃን እግሯ ሥር ወድቆ ያለቅሳል፣ እሷ ሌላ ሌላውን ታያለች። ድንጋይ!

መጋቢት 5

ጠዋት ዲኮ መጣች። በመንደሩ ጋሪ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። «አባባ፣ ሰፈራችን አንድ ሕፃን ታሟል። ጋሪዎ ጤና ጣቢያ ይደርሳል?»

የማን ሕፃን? ዝም። አታለቅስ፣ አትለምን። የጎረቤት መልእክት ይዛ የመጣች መሰለኝ። «ዓርብ ገበያ እሄዳለሁ፣ ያኔ አምጡት» አልኳት።

«እሺ» ብላ ሄደች።

መጋቢት 6

ቴኔ ከውሃ ጉድጓዱ እየሮጠች ተመለሰች። «አባባ፣ የራሷ ልጅ ነው! አንገቱ ደርቋል፣ እንደ እሳት ይፋጃል!» ፓቴ ከብቶቹን ይዞ ርቋል። አህያዋን ጠመድኩ። መንገዱን ሙሉ ስሳደብ... «ልጅሽ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? አንጀት የለሽም?» እሷ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

ነርሱ መዝገቡን ገልጦ «ስሙ ማነው?» አላት። መሬት መሬት ታያለች። «እናቱ አይደለሽም እንዴ?» እኔም ጮህኩባት።

ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት ፉላኒ አሮጊት ክንዴን ጨበጠችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ በኩሯ ነው! በሰው ፊት የበኩሯን ስም የምትጠራ፣ ልጄ ብላ የምታቅፍ እናት እኛ ዘንድ የለችም። ነውር ነው። ያላለቀሰች ያልተቃጠለች መሰለህ?»

ነርሱ «ወንድ፣ ሁለት ዓመት» ብሎ ጻፈ።

ትናንት ደጄ ድረስ መጥታ ነበር...

መጋቢት 7

ማጅራት ገትር ነው አሉ። ነርሱ «አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢመጣ...» ብሎ አልጨረሰውም። ግድግዳ ተደግፌ ዋልኩ። ብረት ቢሆን አግዬ አቃናው ነበር። እነዚህ እጆች ለምን ይሆናሉ?

መጋቢት 9

ይተነፍሳል።

መጋቢት 20

ተርፏል። ግን አይሰማም። ሁለቱም ጆሮው።

ፓቴ ተመለሰ። ስድብ ጠበቅኩ... አንዲት ስድብ! «እንደምን አደሩ፣ አባባ» ብሎኝ አለፈ።

ሚያዝያ 2

ልጁ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ፍሙን ያያል። መዶሻዬን ባሳርፍ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። ዲኮ ልትወስደው መጣችና ሰው ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

ዶማ ሊያሠሩ ከመጡት ገበሬዎች አንዱ፣ ባካሪ፣ ሳቀ። «እያት እስቲ! የወለደች ትመስላለች? ላሟ ትሻላለች፣ ጥጃዋን ትልሳለች።»

«ፊትህን አዙር» አልኩት።

«ምን?»

«ወደ ግድግዳው! አንተም፣ እናንተም!»

አጉረመረሙ። ዞሩ። እኔም ዞርኩ።

ከኋላችን ምን ሆነ? ቴኔ ብዕሯን ይዛ እየጠየቀችኝ ነው። አላየሁም። እንደዚያው ጻፊው።