ስምሽን ከካርታው ላይ እስካወጣው

ውድ ብርቄ፣

ይህን በወረቀት ጽፌ ለአክስትሽ ለሸዋአየሁ የሰጠኋት አዲሱን ስልክ ቁጥርሽን መጠየቅ ስላልፈለግሁ ነው። ያለሽበትንም አልነገረችኝም፤ ደግ አደረገች።

ሰው ሁሉ ባልሽን፣ የሻውን፣ ይረግማል፤ ይገባዋል። ግን ወደ አንቺ የሚወስደውን መንገድ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

የምትሠሪበትና የምታድሪበት ምግብ ቤት ድረስ መጥቼ ስልክሽን የተቀበልኩሽ ቀን ትዝ ይለኛል። ካሜራውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ጣራውንም ፕላስተሩንም አልፎ፣ ካሜራው ላይ ነጭ ነጥብ ጥሎ እንደሚሄድ ነገርኩሽ። የመጀመሪያዋን ነጥብ ስታዪ እጅሽን አፍሽ ላይ ጫንሽ።

"ይቺ ከሰማይ ናት? በኔ ስልክ?"

"ደጋ ስለሆንን ከጎንደር ከተማ ይልቅ እኛ ጋ ይበዛል" አልኩሽ። ደስ አለሽ። ነጥቡን ጨረሩን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚልከው መተግበሪያ ላይ ስምሽን ልሞላ ስል ግን እጄን ያዝሽው።

"ምነው ስሜ አስፈለገ?"

"ለሳይንስ ነው፤ ምን ይመጣል ብለሽ ነው?"

ከባልሽ ዱላ ሸሽተሽ ከኮላ ድባ እንደመጣሽ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ሞላሁት።

የተመራማሪዎቹ ካርታ ሲወጣ እኛ ኮሶዬ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ፣ ሃያ ሦስት ነጥቦች ነበሩ። ኮርቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ነጥቡ ሲነካ ስም እንደሚያወጣ፣ ቤቱን ሳይቀር እንደሚያሳይ ልብ አላልኩም። የሻው ግን አየ። ቅዳሜ ቀትር ላይ መጣ። ምሳ ሊበሉ የቆሙት ሾፌሮች ምግብ ቤቱ በር ላይ ባያግዱት፣ አንቺም በጓሮ ወጥተሽ የደባርቁን ሚኒባስ ባታገኚ ኖሮ፣ ዛሬ ለማን እጽፍ ነበር? እኔ ስደርስ ፖሊስ ይዞታል። "ምን አጠፋሁ? ቤቷን ራሷ ነው ያወጣችው!" ይላል።

ያን ዕለት ነው የመተግበሪያውን ውል ያነበብኩት። አሥራ አራት ገጽ። በሃያ ሦስት ሰው ስም "እስማማለሁ" የምትለዋን ተጭኜ ነበር፣ እኔ የፊዚክስ መምህርቷ፣ አንድም መስመር ሳላነብ።

በማግስቱ ቤት ለቤት ዞርኩ። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። አያ ህሩይ ፕላስተሩን ከልጃቸው ስልክ ላይ እየላጡ፣ "ከሰማይ የሚወርደውን ትቆጥሪያለሽ ብለን እንጂ እኛን ትቆጥሪያለሽ አላልንም" አሉኝ። አሥራ አንዱ ከጥናቱ ወጡ። የቀሩትም ስማቸውና ቤታቸው ካልጠፋ አንድ ነጥብ አይላክም አሉ፤ እኔም አልላክሁም።

ለተመራማሪዎቹ ጻፍኩ። "ፈቅዳችሁ ነው" ብለው መለሱ። እንደገና ጻፍኩ፤ ዝም አሉ። ሦስተኛውን ስጽፍ ያንቺን ታሪክ፣ ስምሽን ሳልጠራ፣ በሌላ አገር በጥናቱ ለሚሳተፉትም ላክሁ። ብዙዎቹ መተግበሪያውን ዘጉ። በአምስተኛው ሳምንት ካርታው ተለወጠ። አሁን የሚያሳየው ሰፊውን አካባቢ ብቻ ነው፤ ስም የለም። የድሮውንም መረጃ አጥፍተናል ብለዋል። ማረጋገጫውን ግን ገና እጠይቃለሁ፤ እስኪሰጡኝ አልተዋቸውም።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ሲወጣልሽ የምትወስኚው ያንቺ ጉዳይ ነው።

የሻው ላይ ክስ ተመሥርቷል። ማክሰኞ ቀጠሮ አለ፤ ምስክር ነኝ። ዘመዶቹ እንዳልቀርብ ሰው ልከውብኛል። እቀርባለሁ። ቆሜ እሱ ያደረገውን እናገራለሁ፤ እኔ ያደረግሁትንም አልደብቅም።

ኮሶዬ ያለሁት፣
አባይነሽ