በቁሜ የተለቀሰልኝ ሳምንት

እሑድ

ደብተሩን የት እንደምደብቀው ጠፋኝ። መጀመሪያ ከፍራሹ ሥር አደረግሁት፤ ፈታሽ ቀድሞ የሚያነሣው ፍራሽ ነው ብዬ አወጣሁት። ቀጥሎ በአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት መካከል ሸጎጥሁት። እሱም አላስተማመነኝም። አሁን በፌስታል ተጠቅልሎ ሽሮ ዕቃው ውስጥ ተቀብሯል። ልጄ ማህሌት አየችኝና፣ «እማ፣ ነገ ወጥ ስንሠራ ስሞቹን አብረን ልንበላቸው ነው?» አለች። ሣቅ አልመጣልኝም።

ደብተሩ ላይ ያለው የሰፈራችን ሴቶች ስም ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ቁጭ ብለን፣ ሳንጮኽ፣ ድንጋይ ሳናነሣ፣ «ተነጋገሩ፤ ልጆቻችንን አትጨርሱብን» ልንል ተስማምተናል። ይኸው ነው። ድሮ ቢሆን የጽዋ ማኅበር ዝርዝር ነው ይባል ነበር። ዘንድሮ ግን ስም መጻፍ ራሱ ያስፈራል።

እኔን ለዚህ ያበቃኝ የእጅ ጽሑፌ ነው። አስተማሪ ነሽ፣ ፊደልሽ ያምራል እየተባልሁ የእድሩም ጸሐፊ እኔ፣ የዚህም ጸሐፊ እኔ ሆንሁ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ለልጄ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእኔ በቀር ሰው የላትም። እኔን አንድ ነገር ቢያገኘኝ... አልጽፈውም።

ሰኞ

ከዘይነባ ጋር ፈቃድ ልንጠይቅ ወደ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ዘይነባ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከሰው ጋር መግባባት ታውቅበታለች። እኔ በር ላይ ሲፈትሹኝ ገና ልመለስ አልሁ።

ኃላፊው ወጣት ነው። ትሑትም ነው፤ ይኼ ደግሞ ይብስ ያስፈራል። ደብዳቤያችንን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቅዳሜ የሚመጡትን ሰዎች ስም ከነአድራሻቸው ካመጣን ጉዳያችን ሊታይ እንደሚችል ነገረን። ይህን ሲል ከደብዳቤው አናት ላይ ያለውን የእኔን ስም በእስክሪብቶ ይከብበው ነበር። አንዴ ሳይሆን ሦስቴ ከበበው።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ዘይነባ እጄን ያዘችኝ። አይዞሽ አላለችኝም። እሷም እንደፈራች ነገረችኝ። ከአይዞሽ ይልቅ ይኼ በጀኝ።

ማክሰኞ

ተጣላን። እንዲህ በፍጥነት እንፈርሳለን ብዬ አላሰብሁም።

እማማ ውድነሽ ቤት ነበር የተሰበሰብነው። የእድራችን ዳኛ ናቸው። ልጃቸው ወታደር ነበር፤ መሞቱ በስልክ ተነገራቸው፣ ሬሳ አልመጣም፣ ድንኳን አልተተከለም። እሳቸው ያለ ፈቃድ አንዲት ሴት ከቤቷ አላስወጣም አሉ። ዝርዝሩ ይሰጥ ባይ ናቸው።

ትዕግሥት ተነሣች። ከሁላችን ታናሽ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች። ወንድሟ ይርጋ ጫካ ገብቶ ነበር፤ በክረምት አንድ ጓደኛው መሞቱን ላከባት። እሷም በጓዳ አልቅሳ ዝም አለች። ዝርዝር መስጠት ራሳችንን አስረን ማስረከብ ነው አለች። መፈክር ይጻፍ፣ በስልክ ይቀረጽ፣ ገዳዩ በስሙ ይጠራ አለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ድምፅ ከፍ አለ፤ በመጨረሻ ያ ሁላችን የፈራነው ነገር ወጣ።

«የእርስዎ ልጅ እኮ ነው የእኔን ወንድም ሊገድል የመጣው።»

እማማ ውድነሽ ድምፃቸውን አላነሡም። «ያንቺስ ወንድም የእኔን ልጅ ሊያበላው ሊያጠጣው ነበር የወጣ?» አሉ።

ሴቱ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ተነሣ፤ ግማሹ በፊት በር፣ ግማሹ በጓሮ በር ወጣ። አንድ አጥር ግቢ ውስጥ ሁለት መንገድ እንዳለ ዛሬ አየሁ።

ረቡዕ

ከጠዋት ጀምሮ ይመጣሉ። «አለምነሽ፣ ስሜን አጥፊልኝ።» አንዷ ከወታደር እናት ጋር አልቀመጥም ትላለች፤ ሌላዋ ከጫካ እህት ጋር። አንዳንዷ ምክንያት እንኳ አትናገርም፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ትቆማለች። ደብተሩን ከሽሮ እያወጣሁ፣ እያራገፍሁ፣ እሰርዛለሁ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ይህ የራሴ ደብተር ነው። በሠረዝሁ ቁጥር ደስ አለኝ። ሁሉም ከቀረ እኔም ቀረሁ ማለት ነው፤ ማህሌት እናት አላት ማለት ነው።

ከሰዓት ዘይነባ መጣች። ስሟን ልታሠርዝ መስሎኝ እስክሪብቶ አነሣሁ። እሷ ግን ስለ እህቷ ልጅ ጀመረች። ከቆጋ ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ መራዊ አጠገብ መንገድ ላይ የተገደለው ሾፌር ነው። «ለእኔ የማን ጥይት እንደሆነ የነገረኝ የለም» አለች። «ታዲያ ከየትኛችሁ ጋር ልጣላ?»

ቀጥላም በእናንተ እርም ማውጣት የሚባል የለም ወይ አለችኝ። አለ። ሞቱ ሩቅ ሆኖ ሳይለቀስለት የቀረ ሰው፣ ቀን ተቆርጦ ድንኳን ተጥሎ ይለቀስለታል። ለማልቀስ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? እኛም ሙስሊሞቹ ተዕዚያ ብለን ለለቅሶ እንቀመጣለን አለች፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ እማማ ውድነሽ ቤት ሄደች። ከዚያ ወደ ትዕግሥት። ከዚያ ተመልሳ ወደ እማማ ውድነሽ። ጫማዋ እስኪያልቅ እንደ ሽማግሌ ተመላለሰች።

ሐሙስ

ሁለቱ ተስማሙ፤ ግን ለየብቻ እንጂ ፊት ለፊት አልተያዩም። ድንኳኑ ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ይተከላል፤ ከዚያ ደንገሉን አሻግሮ ሐይቁ ይታያል። መፈክር የለም። ስልክ የለም። የማን ጥይት የሚል ቃል የለም። የምትመጣ እያንዳንዷ የራሷን ሟች ስም ትጠራለች፣ በመጨረሻ ሁላችን «ይብቃ» እንላለን። የምንመጣው አምስት ብንሆን ነው። የቀሩት እንደተኮራረፉ ናቸው።

የእድሩን ድንኳንና ጥሩምባ የሚይዙት ጋሽ አዳሙ ናቸው። ጥሩምባ አይነፋም፣ ቤት ለቤት ብቻ ይነገራል ብለናል። የድንኳን ማዘዣውን ጽፌ በጎረቤት ላክሁላቸው። ሐሳቤ ማህሌት ላይ ነበር፤ በደብዳቤ ልማዴ ከላይ የጠያቂዋን፣ የራሴን ስም ጻፍሁ፣ ከሥር ቦታውንና ቀኑን።

ለማህሌት የጎርጎራዋን አክስቷን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፍሁላት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ አስለቀሰኝ።

ቅዳሜ

ዛሬ ሞትሁ።

ሊነጋጋ ሲል ጓሮ ፊቴን እየታጠብሁ ሳለ ጥሩምባው ተነፋ። ማን ሞቶ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። የጋሽ አዳሙ ድምፅ ነው። «እድርተኞች ሆይ! መምህርት አለምነሽ አርፋለችና ለቅሶ ድረሱ!» ውኃው ከእጄ ላይ ፈሰሰ። ለትንሽ ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ አመንኋቸው።

ጋሽ አዳሙ ማዘዣ ሲደርሳቸው ጥሩምባ ነፍተው ከላይ ያለውን ስም ይጠራሉ፤ ጥሩምባ አይነፋ ማለታችንን የነገራቸው የለም። ከላይ የሚጻፈው የሟች ስም ነው፤ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ጸሐፊዋ ነኝ።

ማህሌት ኪዳን ልታደርስ ወጥታ ነበር። መንገድ ላይ ሰማች። ነጠላዋን የት እንደጣለችው አታውቅም፤ በሩን ገፍታ ስትገባ ቆሜ አየችኝ። አላቀፈችኝም። በሁለት እጇ ደረቴን ትደበድብ ጀመር። «ሞታለች አሉኝ! እማ፣ ሞታለች አሉኝ!» እኔ ከሞትሁ ልጄ ምን እንደምትሆን ስንት ቀን ሳስብ ከረምሁ፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ከዚህ በኋላ አላስበውም ግን አልልም።

ከዚያ ሴቶቹ መጡ። ስማቸውን ያሠረዙት ሁሉ መጡ። በፊት በር የወጡትም፣ በጓሮ በር የወጡትም፣ «ወይ አለምዬ!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ። ሰው ተኮራርፎ ለሠርግ ይቀራል፤ ለለቅሶ አይቀርም። በሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ባሉበት ቆሙ። አንዷ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ቀድማ የሣቀችው ትዕግሥት ናት፤ ከዚያ ሁሉም፣ እንባቸው ሳይደርቅ።

ጋሽ አዳሙ ወረቀቱን ይዘው፣ የተጻፈውን ነው የጠራሁት እያሉ ይምላሉ። እኔ ሟርት ነው ብዬ አማተብሁ። እማማ ውድነሽ ግን፣ «ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል» አሉና ወደ ተተከለው ድንኳን ዞሩ። «ለቅሶ የመጣ ሰው ሳያለቅስ አይመለስም። ግቡ።»

ገቡ። አምስት እንሆናለን ያልነው፣ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሣሩ ላይ ሁሉ ተቀመጡ። ዘይነባ የእህቷን ልጅ ስም ጠራች። ትዕግሥት ተነሣች፣ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን እምቢ አላት። ቆማ ቀረች። ያኔ ከወዲያ ጥግ እማማ ውድነሽ፣ «ይርጋ» አሉ። «ከግቢዬ ዘይቱን እየሠረቀ ያደገ ልጅ። ይርጋ ልጄ።»

ትዕግሥት ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። የልጃቸውን ስም እሷ ጠራችላቸው። እኔ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሐይቁ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

አንዲት መኪና የመጣችው በዚህ መካከል ነው። የታጠቁ ሰዎች ወረዱ። አንደኛው የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠየቀ። ለእሱ የምቀርበው እኔ ነበርሁ። ስንት ቀን ሙሉ ሽሮ ውስጥ ስም ስደብቅ የከረምሁት ፈሪ፣ «የእኔ ነው፤ አለምነሽ እባላለሁ» አልሁ። ጻፈው። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ፈቃድ የጠየቅንበት ጽሕፈት ቤት እንድቀርብ፣ እዚህ የነበሩትን ሰዎች ዝርዝር ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ። ሄዱ።

ማንም አልተነሣም። እስከ ቀትር ተቀመጥን። ስንለያይ «ይብቃ» አልን፣ ቀስ ብለን።

እሑድ

 ሞተር በተሰማ ቁጥር ወደ መስኮት እሄዳለሁ። ማህሌት ከጎኔ አልለይ አለች፤ ለመጸዳጃ እንኳ ስወጣ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ለአክስቷ ልደውል ሞከርሁ፣ ኔትወርክ የለም።

ሰኞ

ደብተሩን አወጣሁ። የሴቶቹን ስም ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ከዚያ አዲስ ወረቀት አንሥቼ አዲስ ዝርዝር ጻፍሁ። ቀስ ብዬ፣ ለሠሌዳ እንደምጽፈው፣ በሚያምረው ፊደሌ። ሦስቴ አነበብሁት። በዚህ ቢያስሩኝስ? ያስሩኝ ይሆናል። ወረቀቱን አልቀደድሁትም።

ማክሰኞ

ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ከአጥሩ ውጪ ዘይነባን ጨምሮ ሦስቱም ቆመው አገኘኋቸው፤ ትዕግሥት የእማማ ውድነሽን ክንድ ይዛለች። ጽሕፈት ቤቱ በር ድረስ አደረሱኝ። አይገቡም ተባሉ፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ።

ኃላፊው ያው ትሑቱ ወጣት ነው። ወረቀቱን ሰጠሁት። ጣቱን በስሞቹ ላይ እያስኬደ አነበበ፤ ይርጋ ጋ ደረሰ፣ የእማማ ውድነሽን ልጅ አለፈ፣ ሾፌሩን አለፈ፣ ሌሎቹንም። ወንዶች ብቻ መሆናቸው ገረመው መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አድራሻቸው የት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«የሞቱ ናቸው» አልሁት። «ቅዳሜ የነበሩት እነሱ ናቸው።»

 ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀመረው። በዚህኛው ጊዜ ጣቱ አንድ ስም ላይ ቆሞ ቆየ፤ የትኛው እንደሆነ ከተቀመጥሁበት አልታየኝም። ከዚያ አጥፎ ከመሳቢያው ውስጥ ከተተውና እንደሚደውሉልኝ ነግሮ አሰናበተኝ።

ዛፉ ሥር ዘይነባ ቀድማ ተነሣች። ምን አለሽ አለችኝ። አድራሻቸውን ጠየቀኝ አልኋት። እማማ ውድነሽ ሣቁ፤ ሣቁ፣ ሣቁና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ትዕግሥት አብራቸው።

አሁን ቤቴ ነኝ። ማህሌት ወጥ ትሠራለች፤ ሽሮው ውስጥ ምንም የለም። ስልኩ ጭኔ ላይ ነው። እስካሁን አልጮኸም።